ደረጃ የሚወጡ ሴቶች

ጉልቤ የሞተችው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው አንሶላ የሞላበትን ቅርጫት ከጎኗ አስቀምጣ፣ ለአንድ አፍታ እፎይ ልትል የተቀመጠች መስላ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈች ቀረች። መጀመሪያ ያያት ነርስ «ምነው እዚህ መተላለፊያ ላይ?» ብሎ ተቆጥቷት አለፈ። ሁለተኛ ጊዜ ያያትም ያው ነርስ ነው፤ ሲመለስ እዚያው አገኛት፣ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ዝም አለ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ጉልቤ የወጣላት ስም ነው። ሌሎቹ በአንድ ቅርጫት ሲያቃስቱ እሷ ሁለት ደርባ ስለምትወጣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በሙሉ ጉልቤ ይላታል። «እኔን ሊያቆመኝ የሚችል ሊፍት ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ቆሟል» እያለች ታስቃቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ የዕቃው ሊፍት ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሌላ ሊፍት አለ፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ፣ ግድግዳው መስተዋት የሆነ። እሱ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ልዩ ክፍል ይዘው ለሚተኙትና ለሐኪሞቹ ነው። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለልብስ ማጠቢያ ሠራተኞችና ለቅርጫት አይፈቀድም»። ከሥር ፊርማና ማኅተም አለበት።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አሁን አሥራ አንድ ቀሩ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎትና በረኪና እየተነፈሱ ደምና ትውከት የነካውን ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ያጣጥፋሉ፤ ከዚያ ተሸክመው ይወጣሉ። እያንዳንዳቸው በቀን አሥር ጊዜ ይወጣሉ። የሁሉም ታላቅ እትዬ ናት። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ስትሆን ሠላሳ ስምንቱን እዚያ ምድር ቤት ጨርሳዋለች። ትንሹም ትልቁም እትዬ ስለሚላት እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ጉልቤ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን ሆኗት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መተኮሻው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው መደርደሪያው ላይ ያለችውን አሮጌ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ «ዕድሜዎ በእጅዎ» የሚባል ፕሮግራም አለ። አቅራቢው የሆስፒታሉ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር፣ አሁን ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ የሆኑት ታዋቂ ዶክተር ናቸው። የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሴቶቹ ለእሷ ክብር ሲሉ ማሽኑን እንኳ ያጠፉላታል።

ዶክተሩ በዚያ ረጋ ባለና በሚያምር ድምፃቸው ስለ ምርመራ ጥቅም ሲናገሩ ቆዩና ምሳሌ አመጡ። በቅርቡ አንዲት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራ፣ ሃምሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት እናት በድንገት አረፈች አሉ። ለምን ቢባል፣ ሐኪም ቤት ውስጥ እየዋለች አንድ ቀን ተመርምራ አታውቅም። «ሐኪሙ በደጇ፣ መድኃኒቱ በእጇ ነበር» አሉ። «እንግዲህ ራሱን የጣለ ሰው ዕድሜን ከየት ያመጣዋል?»

ካውያ የያዘችው ልጅ ካውያውን አንሶላው ላይ ረስታው ጨርቁ መሽተት ጀመረ። ሁሉም ወደ እትዬ ተመለከቱ፣ ከዚያ ደግሞ እንዳያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። ያ ነው እትዬን ያቃጠላት። ቢሰድቧቸው፣ ቢራገሙ ኖሮ ይቀላት ነበር።

ጉልቤ ሦስት ጊዜ ለመመርመር ሄዳለች። እትዬ ሦስቱንም ታውቃለች፤ ተተክታላት ቅርጫቱን ይዛ የወጣችው እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ካርድ ክፍሉ ቁጥሩ አልቋል፣ ነገ በጠዋት ነይ አላት። በጠዋት ደግሞ አንሶላ ነው። በሁለተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ ተራዋ ሊደርስ ሲል የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ሰው ልኮ አስጠራት፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ጨርቅ አልቆበታል ተብሎ። በሦስተኛው በሩ ላይ ስትደርስ ሐኪሙ ስብሰባ ገባ። ከዚያ በኋላ «ተይው፣ እኔ እንደሆንኩ እንደ ማሽኑ ነኝ፣ ሲቆም ይታያል» ብላ ነገሩን በሳቅ ዘጋችው።

እትዬ የዚያን ቀን የሥራ ሰዓቷ እስኪያልቅ ጥርሷን ነክሳ ሠራች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽርጧን አውልቃ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

የዚህን ወንድምና እህት ነገር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አባታቸው ግንበኛ ነበር። አንድ ቀን ከርብራብ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረና አልጋ ላይ ቀረ። ልጁ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሴቷ ስድስተኛ ክፍል ናት። ማን ትምህርቱን ይተው ተብሎ አልተጠየቀም፣ አልተመከረም። በማግስቱ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች። የወንድሟ መጽሐፍ፣ ጫማ፣ ነጭ ጋዋን ሳይቀር በእሷ ሳሙና የተገዛ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ልጁ በተመረቀ ቀን አባትየው አልጋው ላይ ሆኖ ጠራትና «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽን አንቱ በይ፤ የተማረ ሰው ነው» አላት። አንቱ አለች። ጋሼ ብላ፣ አንቱ ብላ፣ ዓይኗን ሰብራ ኖረች። እሳቸውም ውለታዋን አልረሱም፤ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው። ይህን በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ ያስታውሷታል።

ስትደርስ ዶክተሩ በረንዳው ላይ ነበሩ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ወገባቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ፣ ሆድ የሌላቸው፣ ጥርሳቸው ሙሉ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሚራመዱትን አንድ ሰዓት ጨርሰው በፎጣ አንገታቸውን እየጠረጉ ነበር። ሚስታቸው ወንበር ሰጥታት፣ ነገር እንዳለ ከፊቷ አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

እትዬ ያነሷት ጉልቤን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስም አልጠራሁም አሉ። ሦስቱን ጊዜ ነገረቻቸው፤ ካርድ ክፍሉን፣ ኃላፊውን፣ ስብሰባውን። ልክ በሽተኛ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ያሳዝናል አሉ። ግን የአንድ ሰው ጉዳይና የብዙኃን ትምህርት ይለያያል አሉ። ከዚያ ነገሩ የእውቀት ጨዋታ መሰላቸውና ጋለ ብለው ጀመሩ። የሚገርም ነገር ልንገርሽ አሏት። ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የቢሮ ሠራተኞችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ያገኙት ነገር አለ። የበላዩ ከምክትሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ምክትሉ ከጸሐፊው፣ ጸሐፊው ከተላላኪው። ማንም ሳይራብ፣ ማንም መንገድ ላይ ሳያድር፣ በሥልጣን አንድ እርከን ዝቅ ባሉ ቁጥር ዕድሜም አብሮ ይቀንሳል። ነገሩ በሰውየው ውሎ ላይ ማን ያዛል ነው፤ ራሱን የሚያዝ ሰው ልቡ አይቃጠልም። «ለምሳሌ እኔን እዪኝ» አሉና በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

እትዬ ከወንበሯ ወደ ፊት ሳብ አለች።

«ይህን አውቀህ ነው?» አለች።

ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ሚስትየው ከውስጥ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ ወንድሟን አንተ ያለችው ያን ጊዜ ነው። አንዴ ከወጣ ደግሞ መመለሻ አልነበረውም፤ እኛም ከዚህ በኋላ አንቱታውን ብንተወው ማንም አይከሰንም።

«ይህን አውቀህ ነው ራሷን ጥላ ሞተች ያልከው?»

ዶክተሩ ፎጣውን ትከሻው ላይ አደረገ። ፊቱ ቢቀላም ድምፁን አላነሳም፤ ድምፁን አንስቶ አያውቅም፣ አስፈልጎትም አያውቅም። «ሰው ተስፋ ይፈልጋል» አላት። «ሬዲዮ ከፍቶ ለሚያዳምጠኝ ሰው፣ አለቃህ ካንተ በላይ ይኖራል ብዬ ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? ሹመት አልሰጠው። ተራመድ፣ ጨው ቀንስ፣ ተመርመር ብለው ግን ይችለዋል።»

«ጉልቤ አልቻለችማ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ጥቁር ታደርጊዋለሽ። አንሶላ ይዞ ደረጃ መውጣት እኮ ራሱ ስፖርት ነው። ሰዉ ገንዘብ ከፍሎ የሚሠራውን።»

እትዬ ተነሳች። ሽርጧን ያስገባችበትን ፌስታል በሁለት እጇ ጨበጠች። «ስፖርት ከሆነ ሐሙስ ና» አለችው። «አንድ ቀን ብቻ። እኛ የምንወጣውን ያህል ውጣ። ከዚያ ማክሰኞ ሬዲዮ ላይ ያየኸውን ተናገር።»

ሳቀ። እንቢ ማለት ደግሞ ለእሱ ዓይነት ሰው ሽንፈት ነው። እሺ አላት።

ሐሙስ ጠዋት ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጎ ምድር ቤት ወረደ። ሴቶቹ ተነሱ፣ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠርገው ጨበጡት፣ ዳይሬክተር በነበረበት ሃያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚህ ወርዶ እንደማያውቅ ትዝ ያላቸው ግን በኋላ ነው። ኃላፊው እየሮጠ መጣና በፈገግታ ሟሟ። እትዬ ቅርጫት ሞልታ ሰጠችው፣ የራሷንም አነሳች፣ አብረው ወጡ።

በመንገድ ላይ ሊፍቱ በር ላይ አቆመችውና ወረቀቱን አሳየችው። ፊርማው የእሱ ነው። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አነበበው። እርጥብ ጨርቅ ምንጣፉን ስለሚያበላሽ ነበር ብሎ አስረዳት።

«ምንጣፉስ ዕድሜው ረዘመ» አለችው።

ቅርጫቱን አስተካክሎ ያዘ። ወጣ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ያለ ዕረፍት ወጣ፤ እሷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስታለከልክ እሱ ትንፋሹ ዝንፍ አላለም። ንዴቷ በዚያ ላይ ጨመረ። ይወድቃል፣ ጉልበቱን ይይዛል፣ ይገባዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት በየቀኑ በሚመች ጫማ በጥላ ሥር የተራመደ፣ በጊዜው የበላ፣ በጊዜው የተኛ ሰው አንድ ቅርጫት አንሶላ ምን ያደርገዋል?

ደግሞም እሱ የወጣው ደረጃ እነሱ የሚወጡት ደረጃ አልነበረም። የጥበቃ ሠራተኛው ቅርጫቱን ካልተቀበልኩ ብሎ ተማፀነ። ነርሶች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ለቀቁለት። አንዱ ሐኪም በሩን ይዞ ቆመለት፤ አንዷ ውኃ ይዛ ሮጠች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ዋና ነርስ፣ አንሶላ በአምስት ደቂቃ ቢዘገይ ሴቶቹን ማን ወለደሽ የሚሉት፣ አንገታቸውን ሰብረው «ኧረ ዶክተር፣ ምን በወጣዎት» አሉት። ሁለተኛ ዙር ወጣ። ሦስተኛ ወጣ። በአራተኛው ዙር ላይ የሆስፒታሉ ሕዝብ ግንኙነት ካሜራ ይዞ ደረሰና ቅርጫቱን እንደያዘ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ሰዓቱን አየ፣ የቦርድ ስብሰባ አለብኝ አለ፣ ቅርጫቱን አስቀመጠ።

«አየሽ? ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አላት።

እትዬ የደረጃውን ብረት ይዛ ነበር። «አራት ነው የወጣኸው። አሥር ነው የምንወጣው፣ በየቀኑ» አለችው። «አንተ ስትወጣ ሰው መንገድ ይለቅልሃል፤ እኛ ስንወጣ ለሰው መንገድ እንለቃለን። አንተ ሲበቃህ አቆምክ። ጉልቤም ሲበቃት ነው ያቆመችው።»

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ወደ ታች አየው። እዚያ ነው? ብሎ ጠየቃት፤ እዚያ ነው አለችው። ማክሰኞ እናገራለሁ አላት፣ በእናታቸው ስም ማለላት። እትዬም አመነችው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጣም ያናደዳት ይህ ማመኗ ነው።

ማክሰኞ የጉልቤ ልጅ ከምትሠራበት የጫማ መደብር አስፈቅዳ መጣች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የእናቷን ትከሻ ወስዳለች። እትዬ ናት የጠራቻት፣ የእናትሽ ስም ዛሬ ይጸዳል ብላ። አሥራ አንዱም ሴቶች ማሽኖቹን አጥፍተው ሬዲዮዋን ከበቡ።

ዶክተሩ ጀመረ። በዚህ ሳምንት አንድ ያልተለመደ ነገር አደረግሁ አለ። የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞችን ልጎበኝ ወረድሁ፣ ከእነሱም ጋር ቅርጫት ተሸክሜ አራት ፎቅ፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ ወጣሁ። እትዬ የልጅቷን እጅ ያዘች። «ውድ አድማጮቼ» አለ ወንድሟ፣ «በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ትንፋሼ አልተቆራረጠም። ለምን? ዕድሜ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ሥራችንን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ስፖርት ብናየው፣ እነዚያ ጠንካራ እናቶች ያላቸውን በረከት ብናውቅ...»

ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ ከእትዬ እጅ አወጣች። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ፣ ሥራ ይረፍድብኛል ብላ፣ ደረጃውን ወጥታ ሄደች። እትዬ የሬዲዮዋን ገመድ ነቀለች። ቅርጫቷ ተሞልቶ ተዘጋጅቷል፤ አነሳችው፣ ደረጃው ሥር ድረስ ወሰደችው፣ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቁጭ አደረገችው።

«ከዚህ አልወጣም» አለች።

አንዷ የራሷን አመጣችና አጠገቡ አስቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። ምክክር አልነበረም፣ ስብሰባ አልነበረም። የተነጋገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማዋለጃውና ቀዶ ጥገናው አንደኛ ፎቅ ስለሆኑ ለእነሱ እንወስዳለን ተባባሉ፣ ሕፃን ምን አደረገ፣ የተቀደደ ሆድ ምን አደረገ። ሌላው ግን ወርዶ ይውሰድ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ኃላፊው ወረደ። ይህ ሰው በሕይወቱ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በስተቀር ሌላ ነገር ጽፎ አያውቅም፤ እጽፋለሁ አለ። እትዬ ጻፍ አለችው። «አጥበናል፣ ተኩሰናል፣ አጣጥፈናል። ሥራችን ልብስ ማጠብ ነው ይላል የቅጥር ወረቀታችን። ደረጃ መውጣት የሚል የለበትም፤ አምጥተህ አንብብልን» አለችው። ሄዶ ፈለገ። የለበትም።

ሊፍቱ እስኪሠራና ምርመራ እስኪፈቀድልን አንወጣም አሉ፤ ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ነርሶች እየተነጫነጩ ወረዱ። በሁለተኛው ቀን ተለማማጅ ሐኪሞች ተላኩ፤ አንዱ ቅርጫት ይዞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት የታየው ለሴቶቹ የወር ሳቅ ሆናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ዋና ነርስ ራሳቸው አንዱን ቅርጫት አድርሰው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ለሌላው ሲወርዱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ለእትዬ «ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻላችሁት?» አሏት። እትዬ ሁለተኛውን ቅርጫት አቀበለቻቸው። ልዩ ክፍል የተኙ አንድ ትልቅ ሰው አንሶላቸው ሁለት ቀን ሳይቀየር ቀርቶ ወደ ቦርዱ ስልክ ደወሉ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የፈጠነው።

ዓርብ ጠዋት ባለሙያ መጥቶ የዕቃውን ሊፍት ከፈተው። የተበላሸው አንዲት የክንድ ርዝመት የማትሞላ ብረት ናት። ምትኳ ከአሥራ አራት ወር በፊት ተገዝታ መጋዘን ውስጥ ካርቶኗ እንኳ ሳይከፈት ተቀምጣ ነበር። የዕቃ ማውጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈርም ጠፍቶ ነው። ባለሙያው በሁለት ሰዓት ገጥሟት ጨረሰ። ሴቶቹ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ያጨበጭባሉ ብሎ ኃላፊው ጠብቆ ነበር። ቆመው አዩት እንጂ አላጨበጨቡም። እትዬ ወደ ማድረቂያው ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ፣ ግድግዳውን በመዳፏ ደጋግማ መታችው። አሥራ አራት ወር። ጉልቤ ከሞተች አንድ ወር እንኳ አልሞላትም።

ሁለተኛው ጥያቄያቸውም ተመለሰ፤ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያስጠራቸው እንዲመረመሩ ተፈቀደ። አንዲት ወጣት ሐኪም ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ለልብ ሐኪም ጻፈችላቸው። እትዬ ከሰባቱ አንዷ ናት። ቀጠሮው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ቤቷ መጣ። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ እሱ ሲገባ ጠበበች። ቅሬታ ይዞ ነበር የመጣው፣ በቦርዱ ፊት አሳፈርሽኝ ሊላት፤ ነገር ግን የምርመራዋን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አየውና አነበበው፣ ደግሞም አነበበው። የወንድምነቱን ያህል ደነገጠ። የልብ ሐኪሙ ተማሪዬ ነበር፣ ነገውኑ ያይሻል፣ አሁን እደውልለታለሁ አላት።

«ስድስቱስ?» አለችው።

አንድ ሰው ማስገባት ይቻላል፣ ሰባት ሰው ግን ማንም ላይ አይጫንም አላት። እንደዚያ ከሆነ እኔም ሦስት ወሩን እጠብቃለሁ አለችው። ግትር ነሽ አላት። ልጅነታቸውን አነሳ፣ አባታቸውን አነሳ። ከዚያ ሬዲዮው ላይ ምን ብል ደስ ይልሽ ነበር ብሎ በእውነት ያልገባው ሰው ሆኖ ጠየቃት።

«የሊፍቱን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋ ሦስት ጊዜ መጥታ የመለስናት እኛ ነን፤ እኔ የምኖረው ወንበሬ ስላኖረኝ ነው። ይህን ብቻ።»

«እንዲህ ብዬ ስናገር ማን ያዳምጠኛል?»

እትዬ አልጮኸችም። ወንድሟን ትክ ብላ አየችው፤ ያንን ቀጥ ያለ ወገብ፣ ያንን ሙሉ ጥርስ። «ጋሼ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለህ» አለችው። «ግን አንተ ነህ የምትቀብረኝ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ከወረቀቱ ላይ አንብበኸዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። መቃብሬ ላይ ንግግር እንዳታደርግ።»

ዶክተሩ እሺ አላት። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

እሺ ያለው ግን ለንግግሩ ነው እንጂ ለስልኩ አልነበረም። በማግስቱ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከልብ ክፍሉ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተደወለ፤ የዶክተሩ እህት አሁን ትምጣ ተባለ። እትዬ ስልኩን ዘግታ ትንሽ አሰበች። መጀመሪያ ንቃ ልትቀር ነበር። ከዚያ ሽርጧን ፈታችና ስድስቱን በየስማቸው ጠርታ ተከተሉኝ አለቻቸው።

በር ላይ መነጽር ያደረገው መዝጋቢ የተጠራችው አንድ ሰው ናት አላቸው። ወንበር ሞልተው የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ብለው አዩ።

«የዶክተሩ እህት ትምጣ ብላችሁ አልነበር?» አለች እትዬ። «ይኸው መጣን።»

መዝጋቢው ሰባቱን በዓይኑ ቆጠረ። «ዶክተሩ ስንት እህት ነው ያላቸው?»

«ስምንት ነበርን» አለችው። «አንዷ ደረጃ ላይ ቀረች። ካላመንከኝ ደውልና ጠይቀው።»

ሰውየው ስልኩን አየው፣ ሴቶቹን አየ፣ ዶክተሩ ዘንድ ደውሎ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የሚያመጣውን ጣጣ አሰበና ሰባት ካርድ አወጣ።

የልብ ሐኪሙ ሰባት ሲገቡበት ፊቱን አጠቆረ፤ ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ በአንድ አያቸው። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት አጉረመረሙ፤ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ተሳደቡ። እትዬ አልተቀየመቻቸውም፤ በእሳቸው ቦታ ብትሆን እሷም ትሳደብ ነበር። አንዷን ዕለቱኑ አስተኟት። ሌሎቹ መድኃኒት ተጻፈላቸው። ለእትዬ ሐኪሙ ሥዕሉን እያሳየ ልብሽ ከልኩ በላይ ሰፍቷል አላት። ይህንን ወርዳ ለሴቶቹ ስትነግራቸው «ሠላሳ ስምንት ዓመት ልበ ሰፊ ነሽ ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ በማሽን ተረጋገጠ» አለቻቸውና እስኪያነቡ ሳቁ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ዶክተሩ ስለ እንቅልፍ እንደተናገረ ሰው ነገራት። እሷ አልሰማችም፤ ሬዲዮዋ ዘፈን ላይ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በጫማ መደብሩ በኩል ዞራ ሄደች፤ የጉልቤን ልጅ ይቅርታ ልትጠይቃት። ልጅቷ ደንበኛ እያስተናገደች ስለነበር ደጅ ቆማ ጠበቀቻት።